ባንክ ከማበደሩ በፊት ስለ ወንዙ ለምን ይጠይቃል? የባንግላዴሽ ተሞክሮና ለእኛ ያለው ትምህርት

አንድ ነጋዴ ቆዳ ፋብሪካውን ለማስፋፋት ገንዘብ ፈልጎ ወደ ባንክ ቢሄድ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ንግድ ፈቃድህ ታድሷል? የሦስት ዓመት ሒሳብህን አምጣ፤ ግብር ከፍለሃል? ምን ታስይዛለህ? ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ በብዙ ታዳጊ አገሮች ከእነዚህ ጥያቄዎች ጎን አንድ ሌላ ተጨምሯል፦ ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ የት ነው የሚሄደው?

ይህ ጥያቄ ለብዙ ሰው የባንክ ሥራ አይመስለውም። ወንዝን መጠበቅ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው፤ ባንክ ደግሞ ገንዘቡ መመለሱን ይመልከት የሚል አስተያየት አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጉዳዮች የሚመስሉትን ያህል አይራራቁም። ብክለቱን ያልጠየቀ ባንክ ከብክለቱ ዕዳ ነፃ አይሆንም፤ ዕዳውን ዘግይቶና በዝቶ ያገኘዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ጥያቄው ቅጽ ላይ ብቻ ከቀረ ወንዙንም ባንኩንም አያድንም። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በዋናነት በባንግላዴሽ ተሞክሮ በኩል ያብራራል፤ ከዚያም የብራዚልንና የጥቂት ሌሎች አገሮችን ልምድ፣ የከወለድ ነፃ ባንኮችን የተለየ ሁኔታና የአገራችንን ይዞታ ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ባንክን የሚነካው በምን በኩል ነው?

የአካባቢ ጉዳት ወደ ባንክ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው የተበዳሪው የመክፈል አቅም ነው። ፋብሪካ በብክለት ምክንያት በመንግሥት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲዘጋ፣ ወይም እርሻ በጎርፍና በድርቅ ሲመታ ገቢው ይቆማል። ገቢው የቆመ ተበዳሪ ደግሞ ብድሩን አይከፍልም።

ሁለተኛው መያዣው ነው። ባንክ የፋብሪካ መሬት ሲያስይዝ፣ ተበዳሪው ባይከፍል ሸጬ ገንዘቤን አገኛለሁ ብሎ ነው። መሬቱ በክሮሚየም ወይም በሌላ ኬሚካል ከተመረዘ ግን ገዢ ያጣል፤ ወይም የማጽጃው ወጪ ከመሬቱ ዋጋ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ሙሉ የሚመስለው ዋስትና በሐራጁ ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ሕጋዊ ተጠያቂነት ነው። ባንኩ ያልተከፈለ ብድር ለማስመለስ ንብረቱን ሲረከብ ከንብረቱ ጋር የተያያዘውን የብክለት ኃላፊነትም አብሮ ሊረከብ ይችላል።

አራተኛው ገበያና ስም ነው። የውጭ ገዢዎች የምርቱን አመራረት ይጠይቃሉ። አካባቢን የሚበክል ፋብሪካ ደንበኞቹን ሲያጣ አበዳሪው ባንክም አብሮ ይጎዳል። ባንኩ ራሱም ከውጭ የልማት ፋይናንስ ተቋማት ገንዘብ በሚፈልግበት ጊዜ ለማን እንዳበደረ ይጠየቃል።

ሀሳቡ ከየት መጣ?

ባንኮች ነገሩን በቁም ነገር የያዙት በመጀመሪያ ተጠያቂነትን በመፍራት ነበር። በአሜሪካ በ1980 የወጣ ሕግ የተመረዘ መሬት የማጽዳትን ወጪ በባለንብረቱና በሥራ አንቀሳቃሹ ላይ የሚጥል ነው። በ1990 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በተበዳሪው ሥራ ውስጥ የገባ አበዳሪም ተጠያቂ ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። የአገሪቱ ምክር ቤት በ1996 ለአበዳሪዎች ከለላ ቢሰጥም፣ ባንኮች ከማበደራቸው በፊት የመሬቱን ሁኔታ የማስመርመር ልማድ ይዘው ቀሩ።

በታዳጊ አገሮች ሀሳቡ የገባው በትላልቅ ፕሮጀክቶች በኩል ነው። ግድብ፣ ማዕድንና የነዳጅ ቱቦ የሚሠሩ ኩባንያዎች ከዓለም አቀፍ ባንኮች ይበደሩ ነበር፤ የተፈናቀሉ ሰዎችና የተበከሉ ወንዞች ጉዳይ ደግሞ እነዚህን ባንኮች ለከፍተኛ ወቀሳ ዳረጋቸው። በሰኔ 2003 አሥር ባንኮች «የኢኳቶር መርሆች» የተባለውን የፈቃደኝነት ስምምነት ተቀበሉ። ስምምነቱ የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነውን የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን መለኪያዎች መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ ፕሮጀክቶችን ሊያደርሱ በሚችሉት ጉዳት መጠን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። መጀመሪያ የሚመለከተው 50 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጡ ፕሮጀክቶችን ነበር፤ በ2006 መነሻው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ብሏል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በታዳጊ አገሮች ወንዝ የሚበክሉት ባለ 10 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክቶች ብቻ አይደሉም። ጡብ ማቃጠያው፣ ማቅለሚያ ቤቱ፣ ቆዳ ፋብሪካውና የዶሮ እርባታው ከአገር ውስጥ ባንክ በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው የሚበደሩት። ዓለም አቀፉ ስምምነት አይደርስባቸውም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችም ብዙ ጊዜ በቂ ተቆጣጣሪ፣ ተሽከርካሪና ላቦራቶሪ የላቸውም። ባንኩ ግን በየቅርንጫፉ ሠራተኛ አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጋዴው የሚፈልገው ገንዘብ በእጁ ነው። የብሔራዊ ባንኮች ጣልቃ መግባት የመጣው ከዚህ ነው። ከእነርሱ መካከል ቀድሞ ዝርዝር መመሪያ ካወጡት አንዱ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ ነው።

የባንግላዴሽ መመሪያ ምን ይላል?

ባንግላዴሽ ሕዝብ በተጨናነቀበት፣ ወንዝ በበዛበትና ለጎርፍና ለአውሎ ነፋስ በተጋለጠ ምድር ላይ የምትገኝ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ አገር ናት። ኢኮኖሚዋ በአመዛኙ የተመሠረተው በልብስና በጨርቃ ጨርቅ ኤክስፖርት ላይ ሲሆን፣ ቆዳም ከኤክስፖርት ምርቶቿ አንዱ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ሕጓ በ1995 ወጥቷል። በ1997 የወጣው ደንብ ደግሞ ፋብሪካዎችን ሊያደርሱ በሚችሉት ብክለት መጠን በአራት ይከፍል ነበር፦ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ሀ፣ ብርቱካናማ ለ እና ቀይ። ሁሉም ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የይሁንታ ምስክር ወረቀት እንዲይዙ ይጠበቅባቸዋል፤ ደረጃው ወደ ቀይ በቀረበ ቁጥር የሚጠየቀው ጥናት ይበዛል።

ሕጉ ቢኖርም ወንዞቹ ጠቁረው ነበር። በ2011 መጀመሪያ ላይ፣ አቲዑር ራህማን የብሔራዊ ባንኩ ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ ባንኩ በተከታታይ ሁለት መመሪያዎችን አወጣ። አንደኛው ባንኮች የአካባቢ ስጋትን እንዴት እንደሚመዝኑ የሚያስረዳ ነው። ሁለተኛው «አረንጓዴ ባንክ» ለተባለው አሠራር ፖሊሲ የሚያስቀምጥ ነው።

የስጋት ምዘናው በአጭሩ እንዲህ ይሠራል። የብድር ጥያቄው ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ የባንኩ ሠራተኛ አንድ አጠቃላይ የመጠይቅ ቅጽ ይሞላል። የይሁንታ ምስክር ወረቀት አለ? ጊዜው አላለፈም? ቦታው ለጎርፍ የተጋለጠ ነው? ፍሳሽና ቆሻሻ እንዴት ይወገዳል? ሠራተኛ ወይም ጎረቤት አቤቱታ አቅርቦ ያውቃል? ከዚህ በተጨማሪ ብክለት ለሚበዛባቸው ዘርፎች የተለየ ቅጽ አለ። ከእነዚህ ዘርፎች መካከል ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሲሚንቶ፣ ኬሚካል፣ ወረቀት፣ ስኳርና መርከብ መፈራረስ ይገኙበታል።

ከመልሶቹ በመነሳት ብድሩ «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከፍተኛ» የአካባቢ ስጋት የሚል ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው ከተለመደው የብድር ስጋት ምዘና ጎን ይቀመጣል እንጂ አይተካውም። ስጋቱ ከፍተኛ ከሆነ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ብቻውን አይወስንም፤ ጉዳዩ ወደ ባንኩ ከፍተኛ አመራር ይወጣል። ብድሩ ቢፈቀድ እንኳ በውሉ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ሊገባ ይችላል፤ ለምሳሌ ማጣሪያው ተተክሎ እስኪያልቅ የብድሩ ቀሪ ክፍል አይለቀቅም።

በሚያዝያ 2013 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች፣ ሞተዋል። አደጋው አበዳሪው ከፍሳሹ ባሻገር የሕንፃውንና የሠራተኛውን ደህንነትም መጠየቅ እንዳለበት አሳይቷል። በ2017 የተሻሻለው መመሪያም የአካባቢና የማኅበራዊ ስጋትን በአንድ ላይ እንዲመዘን አድርጓል።

ቅጣት ብቻ ሳይሆን ማበረታቻ

የባንግላዴሽ አሠራር ትኩረት የሳበው ክልከላን ከድጋፍ ጋር በማያያዙ ነው። ፍሳሽ ማጣሪያ ገንዘብ ይበላል እንጂ በቀጥታ ትርፍ አያስገባም። ባንክ «ማጣሪያ ከሌለህ አላበድርህም» ብሎ በሩን ቢዘጋ ነጋዴው ወደ ሌላ ባንክ ይሄዳል፤ አለዚያም ያለ ማጣሪያ ይቀጥላል። ስለዚህ ብሔራዊ ባንኩ ገና በ2009 የሁለት ቢሊዮን ታካ የማበረታቻ ፈንድ ከፍቶ፣ ለፀሐይ ኃይል፣ ለባዮጋዝና ለፍሳሽ ማጣሪያ የሚያበድሩ ባንኮች በዝቅተኛ ዋጋ ገንዘብ እንዲያገኙ አድርጓል። በ2014 ደግሞ በወለድ ለማይሠሩት የሸሪዓ ባንኮች የሚሆን የተለየ ፈንድ ተዘጋጅቷል። በ2016 ለጨርቃ ጨርቅና ለቆዳ ኤክስፖርተሮች የ200 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ተከፈተ።

ባንኮቹም ራሳቸው የሚጠየቁበት መንገድ ተቀምጧል። ከ2016 ጀምሮ ከጠቅላላ ብድራቸው ቢያንስ 5 በመቶውን ለአረንጓዴ ሥራዎች እንዲያውሉ ተወስኗል። ለማኅበራዊ ኃላፊነት ከሚመድቡት በጀት 10 በመቶው ለአየር ንብረት አደጋ እንዲውል ታዟል። አፈጻጸማቸው ብሔራዊ ባንኩ በሚሰጣቸው የጤናማነት ደረጃና አዲስ ቅርንጫፍ ለመክፈት በሚያቀርቡት ጥያቄ ላይ ከግምት እንደሚገባም ፖሊሲው ይገልጻል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ለወንዝ ባይጨነቅ እንኳ ለቅርንጫፍ ፈቃድ መጨነቁ አይቀርም፤ ፖሊሲው የተማመነው በዚህ ነው።

የሐዛሪባግ ቆዳ ፋብሪካዎች

መመሪያ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ለማየት በዳካ የሐዛሪባግን ሰፈር ታሪክ ማየት ይበቃል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱ ቆዳ ፋብሪካዎች የተከማቹት በዚህ ጠባብ ሰፈር ነበር። በየቀኑ ከ20 ሺህ ሜትር ኪዩብ በላይ ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ቡሪጋንጋ ወንዝ ይለቀቅ ነበር። በ2013 ቦታው በዓለም እጅግ ከተበከሉ አሥር ቦታዎች አንዱ ተብሎ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ተመዝግቧል።

መንግሥት ፋብሪካዎቹን በሳቫር ወደተዘጋጀ የኢንዱስትሪ መንደር ለማዛወር ከ2003 ጀምሮ ቢያቅድም ሥራው ተጓተተ። ፍርድ ቤት በ2009 ያስቀመጠው የጊዜ ገደብም ተራዘመ። በመጨረሻም በሚያዝያ 2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሐዛሪባግ ፋብሪካዎች መብራት፣ ውሃና ጋዝ ተቆረጠ። ለዓመታት «ዛሬ ነገ» ሲባል የነበረው ጉዳይ በአንድ ቀን ተፈጸመ። ለእነዚህ ፋብሪካዎች ገንዘብ ለሰጠ ማንኛውም ባንክ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በፍሳሹ ምክንያት የብድሩ መክፈያ ምንጭ በአንድ ቀን ቆመ ማለት ነው። አደጋው ደግሞ ድንገተኛ አልነበረም። በወንዙ ዳር ያለፈ ሁሉ የሚያየው፣ በፍርድ ቤት መዝገብም የሰፈረ ነበር።

መዛወሩ ግን ነገሩን ሙሉ በሙሉ አልፈታም። በሳቫር የተሠራው የጋራ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 25 ሺህ ሜትር ኪዩብ እንዲያክም ታስቦ ቢሆንም በሚገባ ሳይጠናቀቅ ሥራ ጀመረ፤ በተለይ ከዒድ አል-አድሐ በኋላ የቆዳው ብዛት ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ቅሬታውም ከቡሪጋንጋ ወደ ዳሌሽዋሪ ወንዝ ተሻገረ። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ታላላቅ የውጭ ገዢዎች የሚጠይቁትን የአካባቢ ምስክር ወረቀት ማግኘት ስላልቻሉ ቆዳቸውን በዝቅተኛ ዋጋ ለመሸጥ ተገደዱ።

ይህ ነገር መጨረሻ ላይ የደረሰው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። በባንግላዴሽ የኡዱሒያ ቆዳ በብዛት የሚሰጠው ለመድረሳዎችና ለየቲሞች ማሳደጊያዎች ነው። እነርሱ ቆዳውን ሸጠው ለተማሪዎች ምግብና ልብስ ያውሉታል። በነሐሴ 2019 በዒድ ሰሞን የቆዳ ዋጋ ክፉኛ ወድቆ፣ ሰዎች ቆዳ በመንገድ ላይ ሲጥሉና ሲቀብሩ ታይተዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ፋብሪካዎቹ ለነጋዴዎች ያልከፈሉት ዕዳና የዓለም ገበያ መቀዛቀዝም ነበሩበት። ነገር ግን የምስክር ወረቀት የሌለው፣ ገበያው የጠበበ ኢንዱስትሪ ድንጋጤውን የሚችልበት አቅም አልነበረውም። ለዓመታት ያልተጣራው ፍሳሽ ዋጋ በከፊል የተከፈለው በመድረሳ ልጆች ማዕድ ላይ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የአካባቢ ጉዳት የብድር ጉዳይ አይደለም የሚለው ሀሳብ ልክ አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ የባንክ ቅጽ የመንግሥትን ሥራ እንደማይተካ ነው። አንድ ባንክ አንድን ፋብሪካ ማጣሪያ እንዲተክል ሊያስገድድ ይችላል፤ ሁሉም ፋብሪካዎች የሚጋሩት ማጣሪያ ካልሠራ ግን የባንኩ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ብራዚል፦ ሊመረመር የሚችል ቅድመ ሁኔታ

የባንግላዴሽ መመሪያ ሰፊ ነው፤ ብዙ ዘርፍ ይነካል፤ ምዘናውም በአብዛኛው በባንኩ ሠራተኛ አስተያየት ላይ ያርፋል። ብራዚል ደግሞ ጠባብና ጥብቅ መንገድ መርጣለች። በየካቲት 2008 የብራዚል ብሔራዊ የገንዘብ ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 3545ን አወጣ። ከዚያ ዓመት ሐምሌ ጀምሮ በአማዞን ደን ክልል ውስጥ የግብርና ብድር የሚጠይቅ ሰው ሁለት ነገር ማሳየት ነበረበት፦ የመሬቱን ሕጋዊ ይዞታ የሚያስረዳ ማስረጃና የአካባቢ ሕግን ማክበሩን የሚገልጽ ሰነድ። መሬቱ በሕገ ወጥ ደን ጭፍጨፋ ምክንያት ከታገደ ብድር የለም። ለትናንሽ ገበሬዎች መስፈርቱ ቀለል ተደርጎላቸዋል።

ይህ አሠራር የተሳካበት ምክንያት ባንኩ የሚጠየቀው ነገር ቀላል ስለሆነ ነው። የታገዱ መሬቶች ዝርዝር በመንግሥት ይፋ ይወጣል፤ ደን መጨፍጨፉ ደግሞ በሳተላይት ይታያል። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ስለ ሥነ ምህዳር መመራመር አይጠበቅበትም፤ ሰነዱ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ያያል። የብራዚል ተመራማሪዎች ባደረጉት ግምት በ2008 እና በ2011 መካከል በዚህ ውሳኔ ምክንያት ወደ 2.9 ቢሊዮን ሪያል የሚጠጋ ብድር ሳይሰጥ ቀርቷል፤ ከ2,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደንም ከመጨፍጨፍ ተርፏል። ውጤቱ ጎልቶ የታየው የከብት እርባታ ብድር በሚበዛባቸው አካባቢዎች ነው።

ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ቻይና በ2012 የአረንጓዴ ብድር መመሪያ አውጥታለች። በዚያው ዓመት የናይጄሪያ ባንኮች ከብሔራዊ ባንካቸው ጋር ዘጠኝ መርሆችን ተቀብለው ለነዳጅ፣ ለኤሌክትሪክና ለግብርና ዘርፎች የተለየ መመሪያ አዘጋጅተዋል። የኬንያ ባንኮች ማኅበር በ2015 የራሱን መርሆች አውጥቷል፤ የኬንያ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2021 ባንኮች የአየር ንብረት ስጋትን እንዲያስተዳድሩ መመሪያ ሰጥቷል። ኢንዶኔዥያ በ2017 ባወጣችው ደንብ የፋይናንስ ተቋማት በዚህ ረገድ የሠሩትን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች።

ከወለድ ነፃ ባንክ ለጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል

ለእኛ አንባቢዎች ልዩ ትኩረት የሚሻው ክፍል ይህ ነው። በወለድ የሚሠራ ባንክ ገንዘብ ይሰጣል፤ ገንዘብ ይቀበላል። ከወለድ ነፃ ባንክ ግን በውሉ ባሕርይ ምክንያት ከንብረቱ ጋር ይነካካል።

በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ ገዝቶ በእጁ ካደረገ በኋላ ነው ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው የሚሸጠው። ዕቃው መርዛማ ኬሚካል ከሆነ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ባለቤቱ ባንኩ ነው። በኢጃራ ባንኩ ማሽኑን ወይም ሕንፃውን አከራይቶ የኪራይ ዘመኑ እስኪያበቃ ባለንብረት ሆኖ ይቆያል፤ ከባለቤትነት የሚመነጩ ዋና ዋና ኃላፊነቶችም የእርሱ ናቸው። በሙሻረካ ባንኩ የሥራው ሸሪክ ነው፤ ፋብሪካው ቢታሸግ ኪሳራውን በድርሻው ይካፈላል። በኢስቲስናዕ ደግሞ ንብረቱን አሠርቶ የሚያስረክበው ባንኩ ስለሆነ የግንባታው ጉድለት መጀመሪያ የሚመለሰው ወደ እርሱ ነው።

ስለዚህ «ፍሳሹ የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ለከወለድ ነፃ ባንክ የሸሪክና የባለንብረት ጥያቄ ነው። በፊቅህም ቢሆን መሠረቱ ግልጽ ነው። ጉዳትን ማስወገድ ከአምስቱ ዐበይት የፊቅህ መርሆች አንዱ ነው፤ ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት እንደሚቀድምም የፊቅህ ዑለሞች አስቀምጠዋል። የሸሪዓ አማካሪ ቦርዶች አልኮልና ቁማርን ከመለየት አልፈው ሰፈርን የሚመርዝ ሥራን መመዘናቸው ለሥራቸው ባዕድ ነገር አይደለም።

በተግባርም ጅምሮች አሉ። በ2017 በማሌዥያ ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚውል የመጀመሪያው አረንጓዴ ሱኩክ ለገበያ ቀርቧል። በመጋቢት 2018 የኢንዶኔዥያ መንግሥት የ1.25 ቢሊዮን ዶላር አረንጓዴ ሱኩክ ሸጧል። የኢስላማዊ ልማት ባንክ ደግሞ በ2019 የአንድ ቢሊዮን ዩሮ አረንጓዴ ሱኩክ አውጥቷል። እነዚህ ግን ትላልቅ የካፒታል ገበያ ሥራዎች ናቸው። ተራው የሙራባሃ ደንበኛ በቅርንጫፍ ጠረጴዛ ላይ ምን ይጠየቃል የሚለው ዛሬም ዋናው ፈተና ነው።

ጥያቄው ብቻ የማይበቃባቸው ቦታዎች

አሠራሩ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ችግር መረጃ ነው። የብድር ሠራተኛው ሒሳብ አዋቂ እንጂ ኬሚስት አይደለም፤ ማጣሪያው ተተክሎ ሳለ የኤሌክትሪክ ወጪ ለመቆጠብ ሌሊት እንደሚጠፋ ከቢሮ ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው ፉክክር ነው። አንድ ባንክ ሲጠብቅ ሌላው ከላላ ጠባቂው ደንበኛ ያጣል። ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ድሃውን የሚመለከት ነው። ምስክር ወረቀት ለማውጣት አቅም የሌለው አነስተኛ ነጋዴ ከብድር ውጭ ሊሆን ይችላል፤ የብራዚል ለትናንሽ ገበሬዎች የተለየ መስፈርትና የባንግላዴሽ የገንዘብ ወለል ይህን ለማቃለል የታሰቡ ናቸው። አራተኛው ለስም ብቻ መሥራት ነው። ባንኩ ለቅርንጫፉ የፀሐይ ሰሌዳ ገጥሞ «አረንጓዴ ነኝ» ሊል ይችላል። ነገር ግን የአንድ ባንክ እውነተኛ ተጽዕኖ ያለው በሚያበድርላቸው ፋብሪካዎች ላይ እንጂ በራሱ አምፖሎች ላይ አይደለም።

የአገራችን ይዞታ

በኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በ1995 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወጥቷል። አዋጁ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ለፕሮጀክት ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል ፕሮጀክቱ እንዲተገበር መፍቀዱን እንዲያረጋግጡ ያዛል። ይህ ማለት ባንክ ሊጠይቀው የሚችል ሰነድ በሕግ አለ ማለት ነው።

የስጋቱም ምሳሌ ከአገራችን አይርቅም። በሞጆና በአካባቢው ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽና የቆቃ ሐይቅ ጉዳይ ለዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል። በ2011 በጋምቤላ ባሮ ወንዝ ሞልቶ የአንድ ሰፋፊ እርሻ ባለሀብት የበቆሎ ማሳ አጥለቅልቋል፤ ለእንዲህ ዓይነት እርሻ የሚያበድር ማንም ባንክ መሬቱ ውሃ የሚተኛበት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባው ያሳያል። ከዐረፋ በኋላ ቆዳ ገዢ አጥቶ ሲጣል ማየትም ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ብሔራዊ ባንክ በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ እንዲሰጥ፣ በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ከፈቀደ በኋላ፣ ዘምዘም እና ሒጅራ ባንኮች በ2021 ሥራ ጀምረዋል። የእነዚህ ባንኮች ገንዘብ በብዙ ሺህ ከሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖችና አስቀማጮች የተሰበሰበ ነው። ባንክ የሚያበድረው አማና ነው። በተበከለ ወንዝ ዳር የቆመ ፋብሪካ ሲዘጋ የሚጠፋው የእነዚህ ሰዎች ገንዘብ ነው፤ ውሃውን የሚጠጡትም ብዙ ጊዜ እነርሱና ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

ፋይናንስ ለመጠየቅ የሚዘጋጅ ነጋዴ ባንኩ ባይጠይቀው እንኳ የሚከተሉትን አስቀድሞ ቢመልስ ራሱን ይጠቅማል፦

- ለሥራው የሚያስፈልገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶ ጸድቋል? ጊዜው አላለፈም?
- ፍሳሽ፣ ጭስና ደረቅ ቆሻሻ የት ይሄዳል? የማጣሪያው ዓመታዊ ወጪ በሥራ ዕቅዱ ውስጥ ተካቷል?
- ቦታው ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት ወይም የውሃ እጥረት ያሰጋዋል?
- በመያዣነት በሚቀርበው መሬት ላይ ቀድሞ ምን ይሠራበት ነበር?
- የአካባቢው ነዋሪ ቅሬታ አለው? ካለስ እንዴት እየተፈታ ነው?

አስቀማጭና ባለአክሲዮን ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትርፍ ድርሻን ብቻ ሳይሆን፣ ባንኩ ብክለት ለሚያበዙ ሥራዎች ምን ያህል ፋይናንስ እንዳደረገና ሲያደርግ ምን ቅድመ ሁኔታ እንዳስቀመጠ የመጠየቅ መብት አለው።

የሐዛሪባግ ታሪክ እንደሚያሳየው ፍሳሹን ለማቆም ርካሹ ጊዜ ፋብሪካው ገና ገንዘብ በሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ፣ ፍርድ ቤትም ሆነ መዛወር ወይም የጋራ ማጣሪያ፣ እየተወደደ ይሄዳል። ወላሁ አዕለም።